ዎኪን ዊልስ፦ ከውሻ ወደ ውሻ የሚሸጋገር ዊልቸር

የኋላ እግራቸው የማይሠራ ውሾችን እየተቀበለ ቤት እስኪገኝላቸው የሚያቆይ ሰው፣ አንድ ዊልቸር ብቻ የመግዛት አቅም ካለው ዎኪን ዊልስን ይግዛ። ለአንድ ውሻ ብቻ ተለክቶ የተሠራ ዊልቸር በምቾት እንደሚበልጠው ከወዲሁ እንናገር። ግን የዎኪን ዊልስ ፍሬም ርዝመቱም፣ ቁመቱም፣ ስፋቱም ስለሚስተካከል ዛሬ የአንዱን ውሻ ወገብ የተሸከመው ነገ ለሌላው ይሆናል። አንዱ ድኖ በእግሩ ይቆማል፣ ሌላው ባለቤት ያገኛል፣ ሦስተኛው ይሞታል፤ ፍሬሙ ታጥቦ ለሚቀጥለው ይደርሳል። ለማዳን ሥራ ትልቁ መመዘኛ ይኸው ነው፤ እኛም የምናየው በዚህ ዓይን ነው።

አምራቹ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት ያለው ዎኪን ፔትስ ነው። ዋጋው እንደ መጠኑ መቶዎች ዶላር ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ብዙ ነገር አይደለም፦ የአሉሚኒየም ፍሬም፣ ጎማዎቹን የሚይዙ ቁመታቸው የሚስተካከል ሁለት እግሮች፣ ሁለት ጎማ፣ የኋላ ታፋዎች የሚገቡባቸው ስፖንጅ የለበሱ ቀለበቶች፣ የደረት ማሰሪያ፣ የሆድ ቀበቶ፣ የማይሠራውን መዳፍ ከመሬት አንስቶ የሚይዝ ማንጠልጠያ። ማስተካከያው በአብዛኛው መፍቻ አይፈልግም። ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ አዝራር ወደ ውስጥ ተጭኖ መሳብ ነው፤ ቀጣዩ ቀዳዳ ላይ ስትደርስ ቀጭ ብላ ትወጣለች። ቀጭ ካላለች አልቆለፈችም ማለት ነውና ውሻው ከመግባቱ በፊት እያንዳንዷን በጣት ነካ እያደረጉ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፍሬሙ ታጥፎ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ጎማዎቹን ነቅሎ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ዕቃ ለሚልክ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍሬሙ የሚመረጠው በክብደት ነው፣ የጎማው እግር ደግሞ በውሻው የኋላ እግር ቁመት። ስለዚህ አንድ መካከለኛ ፍሬምና የተለያየ ቁመት ያላቸው ሁለት ጥንድ የጎማ እግሮች ያሉት ሰው ብዙ ዓይነት ውሻ ያስተናግዳል። ሁለተኛ ፍሬም ከመግዛት በፊት ሁለተኛ ጥንድ የጎማ እግር መግዛት ይቀድማል።

ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም

እግሩ ለምን እንደከዳው ሳይታወቅ ዊልቸር አይገዛም። እንደ ዳሽሁንድና ፍሬንች ቡልዶግ ባሉ ዘሮች አብዛኛውን ጊዜ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖት ነው። እዚህ ላይ ሐኪሙ የሚያደርገው አንድ ምርመራ ሁሉን ይወስናል። የኋላ እግሩን ጣት አጥንቱ ድረስ በመቆንጠጫ ይጨምቃል። ውሻው ዞሮ ካየ፣ ከጮኸ ወይም ሊናከስ ከሞከረ ስሜቱ አለ። እግሩን ብቻ ሰብሰብ ካደረገና ፊቱ ላይ ምንም ካልታየ ግን ያ ስሜት አይደለም፤ አንጎል ሳያውቀው አከርካሪው በራሱ የሚመልሰው ምላሽ ነው። ብዙ ሰው "እግሩን አንቀሳቀሰ እኮ" ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስሜቱ ያለ ውሻ በቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይሄዳል። ስሜቱ የጠፋበት ግን በቶሎ ቢታከምም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ገደማ ስለሆነ ሰዓት አይባከንበትም። ቀዶ ሕክምና ሳይደረግለት በዕረፍት እንዲድን የተወሰነለት ውሻ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በጠባብ ቦታ ተወስኖ መተኛት አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዊልቸር ላይ ማውጣት ጉዳቱን ያባብሳል፤ ያሳዝናል ተብሎ አይወጣም።

በጀርመን ሼፐርድ፣ በቦክሰርና በኮርጊ ላይ የሚበዛው ሌላ በሽታ ነው፦ ዲጄኔሬቲቭ ማይሎፓቲ የሚባለው የአከርካሪ ነርቭ መመንመን። ብዙውን ጊዜ ከ8 ዓመት በኋላ ይጀምራል፣ አያምም፣ ቀስ በቀስ ይሄዳል። መጀመሪያ የኋላ መዳፉ እየታጠፈ ጥፍሩ አስፋልት ላይ ይፋቃል፣ ከዚያ ወገቡ ይወዛወዛል፣ ከወራት በኋላ ይወድቃል፣ ውሎ አድሮ የፊት እግሮቹም ይደክማሉ። ለዚህ ውሻ ዊልቸሩ ቀድሞ፣ ገና መራመድ ሳያቅተው ቢመጣ ይሻላል፤ እግሩም ማንጠልጠያ ውስጥ አይገባም። መሬት እየነካ የቻለውን ያህል ይራመድ፣ ጡንቻው የሚቆየው በዚያ ነው። ዎኪን ዊልስ የፊት ጎማዎች ተጨምረውለት ባለ አራት ጎማ መሆን መቻሉ ለእንዲህ ያለው ውሻ ትልቅ ጥቅም ነው።

መኪና የገጨው ውሻ ራጅ ሳይነሳ አይወሰንለትም። የተሰበረው ዳሌው ብቻ ከሆነ ብዙዎቹ በሳምንታት ጥብቅ ዕረፍት ይድናሉ፣ ዊልቸር አያስፈልጋቸውም። አከርካሪው ከተሰበረ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ እግሩ የተቆረጠ ውሻም ዊልቸር አይፈልግም፤ በሦስት እግር አሳምሮ ይሮጣል። የፊት እግሮቹና ትከሻው ደካማ የሆነ ግን የኋላ ዊልቸር አይጠቅመውም፣ የሚጎትተው እሱ ራሱ ነውና።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ክትባት መውሰዱ የማይታወቅ የመንገድ ውሻ ድንገት ሽባ ሲሆን "መኪና ገጭቶት ነው" ብሎ መደምደም አደጋ አለው። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመሮጥና በመናከስ አይጀምርም፤ ዝም ብሎ ሽባ የሚያደርግ ዓይነት አለው። መንጋጋው የወደቀ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ ውሻ በባዶ እጅ አይነካም፤ አጥንት ተሰክቶበት ይሆን ብሎ አፉን መክፈትም አይገባም። ምልክቱ የታየበት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። ከነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ካረፈ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው። ይህን ሥራ አዘውትሮ የሚሠራ ሰው የመከላከያ ክትባቱን ቀድሞ ቢወስድ እንመክራለን።

ድመትን በተመለከተ አጭር ነው፦ ዊልቸር አትግዙላት። ድመቶች ዊልቸር ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሐውልት ይደርቃሉ፣ ወይም ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ለማውለቅ ይታገላሉ። የኋላ እግሯ ሽባ የሆነች ድመት በፊት እግሯ እየሳበች ሶፋ ላይ ሳይቀር ትወጣለች፤ የሚያስፈልጋት ምንጣፍና የሽንት እንክብካቤ ነው። እናቷ አርግዛ ሳለ በፓንሉኮፔኒያ ቫይረስ ተይዛ ትንሹ አንጎሏ ሳያድግ የተወለደች፣ የምትንገዳገድና ጭንቅላቷ የሚንቀጠቀጥ ድመትም አለች። ይህ አያምማትም፣ አይባባስም፣ ዕድሜዋንም አያሳጥርም። ሰፊ የአሸዋ ሳህን ከፍ ባለ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ከባድ የምግብ ሳህን፣ የተዘጋ ደረጃ ይበቃታል። ነገር ግን ጤነኛ የነበረች ድመት በድንገት እየጮኸች ከወደቀችና የኋላ መዳፎቿ ከቀዘቀዙ የደም ጓል ዋናውን የደም ሥር ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ልኬት

"ዊልቸሩ አልሆነውም" ተብሎ ከሚመለሰው ውስጥ የሚበዛው የልኬት ችግር ነው። የተኛ ውሻ አይለካም። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፎጣ ከሆዱ ሥር አሳልፎ ወገቡን ያነሳል፣ ጀርባው ከአንገት እስከ ጅራት አንድ መስመር እስኪሆን። ሌላው የኋላ መዳፉን ከዳሌው ሥር በትክክል መሬት ላይ ያሳርፋል። ጉልበቱ እንደቆመ ውሻ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ሽባ እግር ሲንጠለጠል ይረዝማል፤ እንደተንጠለጠለ የለካ ሰው ከሚገባው በላይ ከፍ ያለ ጎማ ያዛል። ከዚያ ታፋው ከሆዱ ጋር ከሚገናኝበት እጥፋት ጀምሮ ቀጥ ብሎ እስከ ወለሉ ይለካል። ሁለቱም እግር ይለካ፣ ሦስት ጊዜም ይደገም፤ ቁጥሮቹ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተራራቁ አያያዙ ተበላሽቷልና እንደገና ይጀመር።

ክብደቱን ለማወቅ ውሻውን አቅፎ ሚዛን ላይ መውጣት፣ ከዚያ ብቻ ወጥቶ መቀነስ ይበቃል። ከመንገድ የተነሳ ውሻ ግን አጥንቱ የወጣ ስለሚሆን በሁለት ወር ውስጥ ኪሎ ይጨምራል። ክብደቱ የአንዱ ፍሬም ጫፍ ላይ ካረፈ ትልቁን መውሰድ ይሻላል፤ ሰፊውን ማጥበብ ይቻላል፣ ጠባቡ ግን ከልኩ አያልፍም። በተቃራኒው ወፍራም ውሻ መክሳት ካለበት የሚለካው ዛሬ ባለው ሰውነቱ ነው። ርዝመቱ ከፊት እግሩ ብብት ጀርባ እስከ ታፋው እጥፋት፣ ስፋቱ ዳሌው ከሚሰፋበት ቦታ ይወሰድና ይጻፍ።

ማልበስ

ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግማሽ ሥራ ነው። በመጀመሪያ ውሻው ሳይገባ የጎማዎቹ ቁመት በልኬቱ ይስተካከል። ቀጥሎ የደረት ማሰሪያው ብቻውን ይልበስና ውሻው ጥቂት ይልመደው። ከዚያ ዊልቸሩ ከኋላው ይቅረብ፤ አንድ ሰው ወገቡን በሁለት እጁ ከሆዱ ሥር አንስቶ ይይዛል፣ ሌላው እግሮቹን በቀለበቶቹ ውስጥ ያሳልፋል። በጅራት አይነሳም። ቀለበቱ ታፋው ሥር እስከ ብሽሽቱ ድረስ ሽቅብ መግባት አለበት፤ ዝቅ ብሎ ጉልበቱ አካባቢ ከቀረ ክብደቱን አይሸከምም፣ ቆዳውን ብቻ ይልጠዋል። ከዚያ የፊት ማያያዣዎቹ ደረት ማሰሪያው ላይ ይገባሉ፣ ርዝመቱ ይስተካከላል፣ የሆድ ቀበቶው ይታሰራል፣ በመጨረሻ እግሮቹ ማንጠልጠያው ውስጥ ይገባሉ።

አሁን ከጎን ቁሙና እዩ። ጀርባው አግድም ቀጥ ያለ፣ የፍሬሙ ጎን ቱቦዎችም ከመሬት ጋር እኩል የሄዱ መሆን አለባቸው። ጎማው ከፍ ካለ ክብደቱ በሙሉ ፊት እግሮቹ ላይ ይወድቃል፤ ውሻው አንገቱን ደፍቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ባለቤቱም "ሰነፍ ነው" ይላል። ዝቅ ካለ ጀርባው ይጎብጣል፣ ጣቶቹ መሬት ይጎተታሉ፣ ቁልቁለት ላይ ዊልቸሩ ተረከዙን ይመታዋል። ከኋላም እዩ፦ ሁለቱ ዳሌዎች እኩል ቁመት ላይ ካልሆኑ ከጎማዎቹ እግሮች አንዷ አዝራር የተሳሳተ ቀዳዳ ላይ ናት። በደረት ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ይግባ። የተንጠለጠሉት መዳፎች ከመሬት 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበሉ። ወንድ ከሆነ የሆድ ቀበቶው ብልቱ ላይ እንዳያርፍ ወደ ፊት ይሳብ።

ከ10 ደቂቃ በኋላ አውልቁትና ብብቱን፣ ብሽሽቱን፣ የደረቱን አጥንት ፀጉሩን እየገለጣችሁ ተመልከቱ። ቅላት ቢኖር ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ድገሙ። ካልጠፋ ቦታው ቁስል ሊሆን ነው፣ እንደገና ይስተካከል። ሽባው ክፍል ስለማይሰማው ውሻው አያለቅስም፤ የምታዩለት እናንተ ናችሁ።

የዎኪን ዊልስ ደካማ ጎኑ የሚወጣው እዚሁ ላይ ነው። ቀለበቶቹ ክብደቱን ታፋው ውስጠኛ ጎን ላይ ስለሚያሳርፉ፣ ሥጋው ያለቀ ከሲታ ውሻ ላይ ይቆረቁራሉ። በቀጭን የበግ ፀጉር ጨርቅ መሸፈን ይረዳል፣ ችግሩን ግን አያጠፋውም። ሌላው ደግሞ፣ ተስተካካይ ፍሬም መገጣጠሚያው ስለሚበዛ ለልክ ከተሠራው ይከብዳል። ለ25 ኪሎ ውሻ አይታወቅም፤ ለ4 ኪሎ ደካማ ቡችላ ይታወቃል።

መንገድ ላይ

የመጀመሪያዎቹ ቀናት 5 ወይም 10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ሜዳማ ቦታ ላይ። ከኋላ አይገፋም፤ ሥጋ ወይም የሚወደውን ነገር ከፊቱ ይዞ መጥራት ነው። አንዳንዱ ወዲያው ይሮጣል፤ እሱ ይበልጥ ያሰጋል፣ ስፋቱን ስለማያውቅ በር ላይ ይሰካል፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ይገለበጣል። ሲለምድ ወደ 20 እና 30 ደቂቃ ይደርሳል። ዊልቸር ውስጥ ውሻ መተኛት አይችልም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አስሮ መተው ማሰቃየት ነው። ብቻውንም አይተው። ከመውጣቱ በፊት ሽንቱ ይውጣለት፣ የሞላ ፊኛ ላይ የሆድ ቀበቶ አይታሰርም።

ስፖንጅ ጎማው አይተነፍስም፤ ለአስፋልትና ለፓርክ ደህና ነው። የአዲስ አበባ ኮብልስቶን ላይ ግን ትንንሾቹ ጎማዎች ድንጋዮቹ መካከል እየገቡ ፍሬሙን ያንቀጠቅጡታል። እዚያ ሰፋ ያለ፣ በአየር የሚሞላ ጎማ ይሻላል። እሾህ ቢወጋው ማንኛውም ጎሚስታ ይለጥፈዋል፤ አንድ ትርፍ ከለመዳሪያ ግን ይኑር።

የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። ፀጉርና ክር የጎማው መሽከርከሪያ ላይ ይጠመጠማል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ጎማውን አውልቆ በመቀስ ጫፍ መጥረግ ያስፈልጋል። ጭቃ ገብቶ አዝራሮቹ ይጣበቃሉ፤ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባሉ፣ ዘይት አይቀባም፣ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። ተለጣፊው ማሰሪያ ፀጉር ሲሞላው መያዙን ያቆማል፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠረጋል። ከሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው የቀለበቶቹ ስፖንጅ ነው። ሽንት ሲጠጣ ይሸታል፣ ቆዳንም ያቃጥላል። በቀላል ሳሙና አጥቦ በጥላ ማድረቅ፣ ሽታው ካልለቀቀ መለወጥ ነው። ቀለበትና ማሰሪያ ለብቻ ይሸጣሉ፤ ፍሬሙን የገዛ ሰው አብሮ አንድ ትርፍ ጥንድ ቀለበት ቢያዝ አይጸጸትም።

ሌሎቹ አማራጮች

ቋሚ ቤት ላገኘ፣ ዕድሜውን በሙሉ ዊልቸር ለሚያስፈልገው ውሻ ለልክ የሚሠራው ይመረጣል። በማሳቹሴትስ ያለው ኤዲስ ዊልስ ለእያንዳንዱ ውሻ ብዙ ልኬት ተቀብሎ ይሠራል፤ ክብደቱ በታፋ ቀለበት ሳይሆን ዳሌውን ከሥር በሚደግፍ ኮርቻ ላይ ስለሚያርፍ ለከሲታ ውሻ ይመቸዋል። ኬ9 ካርትስም በእንስሳት ሐኪም የተጀመረና ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ስም ነው። ለልክ የሚሠሩት ዋጋቸው ውድ ነው፣ ጊዜም ይወስዳሉ፣ ሁለተኛ ውሻ ላይ መልሶ መግጠምም አስቸጋሪ ነው።

በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጡት ባለ ብሎን ዊልቸሮች መጥፎ ብቻ አይደሉም። ችግራቸው በእጅ የሚጠብቁት ብሎኖች ከመንቀጥቀጥ ብዛት መላላታቸው ነው። ናይለን ያለው ዳዶ ገዝቶ መለወጥ፣ ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ደግሞ ቱቦው ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት ማድረግ፤ ያኔ ብሎኑ ሲንሸራተት በዓይን ይታያል።

አዲስ አበባ ላይ ግን በብዙ ሰው አቅም የሚሆነው የፒቪሲ ቱቦ ነው። እስከ 10 ኪሎ ለሚደርስ ውሻ ግማሽ ኢንች፣ ከዚያ በላይ ሦስት ሩብ ኢንች ቱቦ፤ የማዕዘንና የቲ መገጣጠሚያዎች ከቧንቧ ዕቃ መደብር፤ ጎማ ከአሮጌ የሕፃን ጋሪ፣ ምናለሽ ተራ አይጠፋም፤ ማሰሪያ ከትምህርት ቤት ቦርሳ። ቱቦው በመጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ ይገጣጠምና ውሻው ሁለት ሦስት ቀን ይሞክረው። ልኩ ሲረጋገጥም ከማጣበቅ ይልቅ መገጣጠሚያውን በስቶ በአጭር ብሎን ማሰር ይሻላል፤ ለሚቀጥለው ውሻ ቱቦውን ብቻ ቆርጦ መለወጥ ይቻላል። የብሎኑ ጫፍ ወደ ውሻው አይዙር። የእግር ማሳለፊያው ከአሮጌ ጂንስ ተሰፍቶ በስፖንጅ ይሞላል።

ዊልቸሩ የማይሠራው ሥራ

ሽባ ውሻ ከቀኑ ውስጥ ዊልቸር ላይ የሚሆነው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የቀረውን የሚወስነው የሽንቱ ነገር ነው። ብዙዎቹ ፊኛቸውን ራሳቸው ባዶ ማድረግ ስለማይችሉ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ በእጅ ይወጣላቸዋል። የተኛበት ረጥቦ ማየት ፊኛው ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ ሞልቶ የተንጠባጠበ ሊሆን ይችላል።

ውሻው በጎኑ ይተኛ ወይም አንድ ሰው አቁሞ ይያዘው። መዳፎቻችሁን ከግራና ከቀኝ፣ ከመጨረሻዋ የጎን አጥንት በኋላ ከታፋው ፊት፣ ሆዱ ላይ አሳርፉ። ጣቶች ተዘርግተው ይሁኑ፣ በጣት ጫፍ ሲወጋ ሆዱን ያጠብቃል። ቀስ እያላችሁ ወደ ውስጥ ስትጫኑ ክብ፣ ለስላሳ፣ መለስ የሚል ነገር በሁለቱ መዳፍ መካከል ይመጣል፤ ፊኛው እሱ ነው። ሳትለቁ ወደ ጅራት አቅጣጫ ግፊቱን ጨምሩ፣ ሽንቱ ሲጀምር በዚያው ግፊት ቆዩ። ሲቋረጥ ለቅቃችሁ ደግማችሁ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀር አለ። ፊኛው ጠጥሮ ጠብታ ካልወጣ ኃይል አይጨመርም። የፊኛውን መውጫ የሚያላላ መድኃኒት ስላለ ሐኪሙ ይዘዝ። ወንድ ድመት ላይ ይህ ከታየ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን አይታደርም። ሽንቱ ከደፈረሰ፣ ከወትሮው ከሸተተ ወይም ደም ካለው ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ አስመርምሩ፤ ሽንቱ ቢያቃጥለውም ውሻው አይሰማውም።

ቆዳው ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ደርቆ ስስ ቫዝሊን ይቀባ። ለሕፃናት የሚሸጠው ዚንክ ያለበት ነጭ ክሬም ግን አይቀባ፣ ሲልሰው ይመርዘዋል። የሕፃን ዳይፐር ለጅራቱ ቀዳዳ ተበጅቶለት ይሠራል፤ በየአራት ሰዓቱ ካልተለወጠ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። ራሱን መገልበጥ የማይችል ውሻም በየአራት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ይዙር። ወለሉ ምንጣፍ ይኑረው፤ ሲሚንቶ ላይ የሚሳብ ውሻ በቀናት ውስጥ የመዳፉ ጀርባ ይላጣል፣ ከዚያ አጥንት ይታያል። ከሚያሟልጭ ናይለን ልብስ ሰፊ ዘንድ የተሰፋ፣ ከወገቡ በታች የሚገባበት ከረጢት ይህን ይከላከላል።

ውሻ ግቢ ውስጥ ማኖር በለመድንበት አገር ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፦ ሽባ ውሻ ውጭ አይኖርም። ሽንት የነካው ቆዳ ላይ ዝንብ እንቁላሏን ከጣለች በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይፈለፈላል፣ ውሻውም ስለማይሰማው አያሳውቅም።

ለአዲሱ ባለቤት ሲሰጥ

ወሳጁ ሰው ውሻውን ከመውሰዱ በፊት በገዛ እጁ፣ እያያችሁ፣ በተለያየ ቀን ሽንቱን ማስወጣት አለበት። ቪዲዮ አይቶ "ገብቶኛል" ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ፊኛውን አያገኘውም፣ በሦስተኛው ቀንም ውሻውን ይመልሳል። ቤቱ ውስጥ ማን ስንት ሰዓት እንደሚገኝ በግልጽ ይጠየቅ። በዋሽንግተን አካባቢ ሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ባልና ሚስት ሰዓታቸው ከተለያየ ይመቻሉ፤ አብረው ወጥተው አብረው የሚገቡ ከሆነ ቀን የሚመጣ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት ከሆነና ውሻው 25 ኪሎ ከሆነ፣ ልባቸው ቢወድም ጀርባቸው አይችለውም።

ከውሻው ጋር አንድ ወረቀት ይሂድ፦ እያንዳንዱ የዊልቸር አዝራር ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንዳለ፣ ውሻው ውስጡ ሳለ ከጎንና ከኋላ የተነሳ ፎቶ፣ ሽንቱ የሚወጣበት ሰዓት፣ የመጨረሻ የሽንት ምርመራው ቀን፣ የክትባት ካርዱ። ፎቶው ብዙ ስልክ ያስቀራል። "አልሄድ አለ" የሚል ጥሪ ሲመጣ አዲስ ፎቶ አስልኮ ከፊተኛው ጋር ማስተያየት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዊልቸሩ መኪና ውስጥ ሲታጠፍ አንዷ አዝራር ቀዳዳ ስታለች።

ዊልቸሩ በውሰት እንጂ በስጦታ አይሰጥ፤ ይህም ተጽፎ ይፈረምበት። ውሻው ከዳነ፣ ከሞተ ወይም የልኩ ከተሠራለት ፍሬሙ ይመለሳል። ሲመለስ ቀለበቶቹና የሆድ ቀበቶው ይጣላሉ፣ ሌላ ውሻ ቆዳ ላይ አያርፉም። ቱቦዎቹ በሳሙና ከታጠቡ በኋላ በቀጠነ በረኪና ይጠረጋሉ፣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃሉ፣ አዝራሮቹ አንድ በአንድ ይሞከራሉ፣ ጎማዎቹ ወልቀው ይጠረጋሉ። አዲስ ጥንድ ቀለበት ሲገባለት ለሚቀጥለው ውሻ ልኬት ይወሰዳል።